ጓያና ጠባቂው ድኝ፦ ተረትና እውነታ

ጓያ፣ ዝናብ ቢጠፋም ቢበዛም፣ ሌሎች አዝርዕት በከሰሙበት መረሬ መሬት ላይ ጸንቶ የሚያፈራ፣ ስለዚህም በዘመነ ረኃብ የድኻው ገበሬ የመጨረሻ ተስፋ ሆኖ የኖረ ጥራጥሬ ነው፤ ዳሩ ግን ይኸው ባለውለታ እህል የጕልማሶችን እግር ገትሮ በምርኵዝ የሚያስኬድ ደዌ ስለሚያመጣ፣ ስለ ደዌው ምክንያት ከአበው ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ትምህርት እውነትና ተረት ተቀላቅለውበት ይገኛል።

ተረት፦ ደዌው የሚመጣው ከጓያ እንፋሎትና ከገለባው ነው።

እውነታ፦ ጓያ ሲቀቀል እንፋሎቱ እንዳይመታቸው ከምድጃው የሚርቁ፣ በገለባው ላይ መተኛትንም የሚፈሩ ብዙዎች ናቸው። ይሁን እንጂ በ1964 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የህንድ ሊቃውንት ከፍሬው ለይተው ያወጡት፣ ኦዳፕ የተባለው መርዝ ሰውን የሚጐዳው በመብል ነው። የዚህ ተረት ክፋቱም ሰውየው እንፋሎቱን ሸሽቶ ሲያበቃ፣ ንፍሮውን ያለ ሥጋት እንዲበላ ማድረጉ ነው።

ተረት፦ እሳት የነካው ጓያ መርዝ የለውም።

እውነታ፦ በ1990ዎቹ፣ በዚያው አቈጣጠር፣ በወሎ ደላንታ ዳውንት 2000 ያህል ሰዎች በዚህ ደዌ በተያዙ ጊዜ ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው ባደረጉት ምርመራ፣ ጓያን በእሸቱ፣ በቆሎና በንፍሮ መልክ የበሉት ለአደጋው ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው ተገኝተዋል። መርዙ በውኃ የሚሟሟ ስለ ሆነ፣ ፍሬውን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት ከመቍላት የተሻለ ጥበቃ ነው፤ ማቡካትም ይቀንሰዋል።

ተረት፦ ጓያ የቀመሰ ሁሉ ሽባ ይሆናል።

እውነታ፦ አንድ ቀን የጓያ ሽሮ የበላ ሰው እግሩን አያጣም። አደጋው የሚበረታው ጓያ ከዕለት ምግብ ሲሶውን አልፎ፣ ሁለትና ሦስት ወር ያለማቋረጥ ሲበላ፣ ይልቁንም ሌላ እህል ከጎተራ ጨርሶ ሲጠፋ ነው።

ተረት፦ ድኝ ለባሩድና ለክብሪት እንጂ ለሰው ሥጋ አይጠቅምም።

እውነታ፦ በሰዶምና በገሞራ ላይ ከእሳት ጋር እንደ ዘነበ የምናነበው ይህ ባሕርይ፣ በእህል ውስጥ ሜታዮኒንና ሲስቴን በተባሉት የፕሮቲን ክፍሎች ተሠውሮ ይኖራል። ሰውነታችን ከሲስቴን ግሉታታዮን የተባለውን፣ የነርቭን ሕዋሳት ከመቃጠል የሚጠብቀውን ንጥረ ነገር ይሠራል፤ ኦዳፕ የሚያጠቃውም ይህንኑ ጥበቃ ነው። ጥራጥሬ በጠቅላላው፣ ጓያም በተለይ፣ በእነዚህ በድኝ አዘል ክፍሎች ድኻ ሲሆን፣ ጤፍ፣ ስንዴና ገብስ ግን የጐደለውን ይሞላሉ። ስለዚህ እናቶቻችን ሽሮውን በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል አጣፍጠው ከእንጀራ ጋር ሲያቀርቡ፣ የኬሚስትሪ ትምህርት ሳይደርሳቸው የኬሚስትሪን ሥራ ይሠሩ ነበር፤ የደላንታው ምርመራም እህልና እነዚህ ቅመሞች የተቀላቀሉበት ጓያ አደጋው ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ይህን ሰምቶ የድኝ ዱቄት ለመዋጥ የሚያስብ ቢኖር ግን ይሳሳታል፤ የሚጠቅመው በእህሉ ፕሮቲን ውስጥ ያለው ነውና።

ተረት፦ ደዌው ከያዘ በኋላም መድኃኒት አይጠፋለትም።

እውነታ፦ የጡንቻን መገተር የሚያላሉ መድኃኒቶች አሉ፤ የተጐዳውን ነርቭ ግን የሚመልስ አልተገኘም። ስለዚህ መድኃኒቱ አስቀድሞ መጠበቅ ነው።

እንግዲህ «ጓያህን ከጤፍ ጋር ቀላቅለህ ብላ» የሚለው ምክር እውነት ቢሆንም፣ ጤፉ በሌለበት ቤት ሲነገር ከስላቅ አይለይም። ስለዚህ ይህ ዕውቀት ከገበሬው ይልቅ የሚገደው በዝናብ እጦት ዘመን የርዳታ እህል የሚመድበውን ባለሥልጣን ነው፤ ጓያ ብቻ ወደ ቀረበት ወረዳ ስንዴውን ወር ሳያስቈጥር የላከ እንደ ሆነ፣ ከረኃብ ጋር ሽባነትንም መከላከሉን ይወቅ።