ኮይሎቨር

ኮይሎቨር ጥቅል ሞላ በሾክ አብዞርበር ዙሪያ ተገጥሞ ሁለቱ እንደ አንድ ዕቃ የሚሠሩበት የመኪና ክፍል ነው። ሞላው የመኪናውን ክብደት ይሸከማል፤ ሾክ አብዞርበሩ ደግሞ ሞላው ደጋግሞ እንዳይነጥር ይገታዋል። በፋብሪካው ዕቃ ምትክ ተገዝቶ የሚገጠመው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ አካሉ እንደ ብሎን ጥርስ ስላለው የመኪናው ከፍታ ይስተካከልበታል።

የሞላ ጥንካሬ

ጥንካሬ የሚገለጸው ሞላውን 1 ሚሊሜትር ለመጨመቅ በሚያስፈልገው ክብደት ነው። በአንድ ሞላ ላይ ተጨማሪ 100 ኪሎግራም ቢያርፍ፣ ጥንካሬው 2 ኪሎግራም የሆነው 50 ሚሊሜትር፣ 5 ኪሎግራም የሆነው ደግሞ 20 ሚሊሜትር ብቻ ይጨመቃል። ጠንካራ ሞላ ጭነት ይችላል፤ መኪናው ባዶ ሲሆን ግን የመንገዱን ጉድጓድ ሁሉ ለተሳፋሪው ያደርሳል። ሾክ አብዞርበሩም ከሞላው ጥንካሬ ጋር መመጣጠን አለበት፤ ደካማ ከሆነ መኪናው ይዘላል።

ከፍታ

መኪናን ዝቅ ማድረግ በለስላሳ አስፋልት ላይ በኩርባ መዘንበልን ይቀንሳል። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ያልፋል። ከዚህ መንገድ ወጥቶ ወደ ምዕራብ ጎጃም ገጠር የጠጠር መንገድ የሚገባ እንደ ቶዮታ ቪትዝ ያለ ትንሽ መኪና ግን ዝቅ ካለ የሞተሩ ዘይት መያዣ በድንጋይ ሊመታ ይችላል። ዘይቱ ከፈሰሰ ሞተሩ ይነክሳል።

ስለዚህ ለእንዲህ ያለ መንገድ የፋብሪካውን ከፍታ የሚጠብቅና መካከለኛ ጥንካሬ ያለው ይመረጣል። ከተገጠመ በኋላ የጎማ አሰላለፍ ይስተካከላል፤ ጭቃ የያዘው ጥርስም እንዳይዝግ ይታጠባል።