አንዱን መኪና ለብዙ ሥራ ስለ ማካፈል



ከኢተያ እስከ በቆጂ በተዘረጋው የአርሲ ደጋ የስንዴ ማሳ፥ የራሱ ኮምባይነር ያለው ገበሬ ጥቂት ነው፤ የሚበዛው ተከራይቶ ያሳጭዳል። ነገር ግን አዝመራው ለሁሉም በአንድ ወቅት ይደርሳልና፥ ባለመኪናው ለብዙዎች በአንድ ቀን ቃል ቢገባና ያልታሰበ ዝናም ቢጥል፥ የአንዱ እህል በማሳው ላይ ይበላሻል። እንግዲህ የመኪናው ትልቅነት ብቻውን አይበቃም፤ ተራውን የሚያደላድል ያስፈልጋል ማለት ነው።

«ሜይንፍሬም» የተባለው ታላቅ ኮምፒዩተርም እንደዚሁ ነው። በ1999 መጨረሻ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአይቢኤም ኩባንያ፥ ሊኑክስ በዚህ መኪና ላይ እንዲሠራ የሚያስችለውን የፕሮግራም ጽሑፍ ለሕዝብ አወጣ። ከዚያ ወዲህ በአንድ መኪና ላይ በመቶ የሚቈጠሩ ሊኑክሶች፥ እያንዳንዱ የራሱ ኮምፒዩተር ያለው እየመሰለው፥ ጐን ለጐን ሊሠሩ ይችላሉ። ተራቸውን የሚያደላድለው ፕሮግራም «ሃይፐርቫይዘር» ይባላል።

የማካፈያው ስልት ሦስት ነው። የመጀመሪያው መኪናውን በግንብ እንደ ተከፈለ ቤት መክፈል ነው። ይህን የሚያደርገው «ፕሪዝም» ከመኪናው ጋራ አብሮ የሚመጣ ሲሆን፥ በቅርብ ዓመታት በወጡት ትልልቆቹ መኪናዎች እስከ 85 ክፍል ድረስ ያበጃል። ለአንዱ ክፍል የተመደበው ሜሞሪ የዚያው ክፍል ብቻ ስለ ሆነ መለያየቱ ጽኑ ነው፤ ይሁን እንጂ ሥራ ፈትቶ ቢውልም ጐረቤቱ አይበደረውም።

ሁለተኛው «ዚ-ቪኤም» ነው። የዘር ሐረጉ በ1960ዎቹ በአሜሪካ በኬምብሪጅ ከተማ ከተደረገው የአይቢኤም ሙከራ ይጀምራል፤ በ1972ም «ቪኤም 370» ተብሎ ለገበያ ቀረበ። ያለውን ሜሞሪ ከልኩ አብልጦ ማካፈልን የለመደ ነው፤ ከሊኑክስም ሌላ የሜይንፍሬሙን ነባር ሥርዓቶች በእንግድነት ይቀበላል። ነገር ግን ፈቃዱ በገንዘብ የሚገዛ ነው፤ የራሱ ትእዛዝና ደንብ ስላለውም ለእርሱ የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል።

ሦስተኛው «ኬቪኤም» ነው። ከ2007 ጀምሮ የሊኑክስ አካል የሆነና በተራ ሰርቨርም ላይ የሚሠራ ስለ ሆነ፥ በአነስተኛ መኪና የተማረ ባለሙያ አብዛኛውን ዕውቀቱን ይዞ ወደ ሜይንፍሬም ሊሻገር ይችላል። ለብቻው የሚከፈልበት ፈቃድ የለውም። ሆኖም በሜይንፍሬም ላይ የሚያስተናግደው ሊኑክስን ነው፤ አስተናጋጁም ራሱ ሊኑክስ ስለ ሆነ፥ እርሱንም በየጊዜው መጠበቅና ማደስ ይገባል።

ታዲያ የትኛው ይመረጥ? መጀመሪያ ነባር ሥርዓት አብሮ የሚኖር እንደ ሆነ ይጠየቅ፤ ካለ ዚ-ቪኤም ይቀድማል። ሁለተኛም መኪናውን የሚጠብቀው ሰው የሚያውቀው የትኛውን እንደ ሆነ ይታይ፤ የማያውቁት መሣሪያ በነጻ ቢገኝም ውድ ነውና። ሁለቱም በፕሪዝም ክፍል ውስጥ የሚሠሩ ስለ ሆኑ፥ አንዱን በአንዱ ክፍል፥ ሌላውን በሌላው ማስቀመጥና መፈተን ይቻላል።

ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል፤ ይኸውም እንግዶቹ ሁሉ በአንድ ሰዓት ይበረታሉ ወይስ በየተራ? ሜሞሪን ከልኩ አብልጦ ማካፈል የሚያዋጣው አንዱ ሲያርፍ ሌላው የሚሠራ ሲሆን ነው። የደመወዝ መዝገብና የሒሳብ መዝጊያ ግን በወር መጨረሻ እንደ ኅዳር አዝመራ አንድ ላይ ይደርሳሉ። የዚያን ቀን መኪናው ቢዘገይ፥ በአሰላ ደመወዙን የሚጠብቅ መምህር ከልጆቹ ጋራ ይቸገራል።

አርሲ ይህን ትምህርት ከዚህ በፊት ከፍላ ተምራለች። በ1967 በስዊድን መንግሥት ርዳታ «ካዱ» የተባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ከተቋቋመ በኋላ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ለገበሬው ደረሰ፤ ነገር ግን በዚያው ዘመን ባለርስቶች በትራክተር ማረስ የሚያዋጣ መሆኑን አይተው ብዙ ጭሰኞችን ከመሬቱ አስነሡ። ጥፋቱ የትራክተሩ አልነበረም፤ ጥቅሙ ለማን እንደሚደርስ አስቀድሞ ደንብ አለመቆሙ ነው።

ስለዚህ በመሥሪያ ቤታችሁ የኮምፒዩተር ግዢ ሲመከር፥ የመኪናውን ጉልበት ብቻ አትጠይቁ፤ ሥራው በበረታበት ቀን ማን ቀድሞ፥ ማንስ ቈይቶ እንደሚስተናገድ በጽሑፍ እንዲቀርብላችሁ ጠይቁ።