ያውቁ ኖሯል? ከቁልፍ በፊት ሜትር ይያዙ

የዛሬዋ እንግዳችን ከ1967 እስከ 1972 አሜሪካ ውስጥ ትመረት የነበረችው የሼቭሮሌት ሲ10 ፒክአፕ ናት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ባለቤቷ ቀለሟን አስቀብቷል፣ ሞተሯን አሳድሷል። አሁን ደግሞ ባለሦስት ማርሹን አሮጌ አውቶማቲክ ካምቢዮ አውጥቶ ባለአራት ሊከትላት አስቧል፤ ወለሏን ሳይቆርጥ፣ ከተቻለም ብየዳ ሳይነካት። ይህ ዓምድ ለእሱና ለመሰሎቹ ነው።

ያውቁ ኖሯል? «ካምቢዮ» ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው፤ ፍቺውም መለወጥ፣ መቀየር። ማርሽ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮንና ጎማም ወደ ጋራዦቻችን የገቡት በዚያው በር ነው። «ካምቢዮ ልቀይር ነው» የሚል ሰው እንግዲህ «መቀየሪያ ልቀይር ነው» እያለ ነው። ማንም ግን አይስቅበትም።

በብዛት ተመርቶ ለገበያ የበቃው የመጀመሪያው ሙሉ አውቶማቲክ ካምቢዮ የጄኔራል ሞተርስ ሃይድራ-ማቲክ ነው። ለ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢሎች የቀረበ ሲሆን ተጨማሪ ዋጋው 57 ዶላር ነበር። አራት ማርሽ ነበረው! ባለፒክአፓችን ዛሬ በጉጉት የሚፈልገው አራተኛ ማርሽ በቁጥር ደረጃ ከ80 ዓመት በላይ አስቆጥሯል ማለት ነው። ልዩነቱ ያኔ አራተኛው ቀጥታ መሆኑ ነው፤ ሞተሩ አንድ ጊዜ ሲዞር ወደ ኋላ የሚሄደውም ዘንግ አንድ ጊዜ ይዞራል። ዛሬ የሚፈለገው አራተኛ ግን ዘንጉን ከሞተሩ የሚያስበልጥ፣ ሞተሩን በሩጫ ላይ የሚያሳርፍ ነው።

የሃይድራ-ማቲክን ሥራ የመራው መሐንዲስ ኧርል ቶምፕሰን ነበር። በ1928 ካዲላክ ላይ የወጣውንና ማርሽ ሲገባ ጥርስ እንዳይፋጭ ያደረገውን ሲንክሮሜሽም የፈጠረው እሱ ራሱ ነው። ሹፌሩን መጀመሪያ ከማርሽ ጩኸት፣ ቀጥሎም ከማርሹ ገላገለው።

ያውቁ ኖሯል? የቀድሞዎቹ ሃይድራ-ማቲኮች «ፒ» የሚባል የማቆሚያ ቦታ አልነበራቸውም። መኪናውን ያቆመ ሰው ሞተሩን አጥፍቶ ወደ ኋላ መሄጃው ውስጥ ይከተዋል፤ ያኔ ይያዛል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኤም5 የተባለው የአሜሪካ ቀላል ታንክ ሁለት የካዲላክ ሞተሮችና ሁለት ሃይድራ-ማቲኮች ነበሩት። ከታንክ ተርፎ የመጣ ካምቢዮ ነው እንግዲህ በ1954 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሼቭሮሌት ፒክአፖች በምርጫ የቀረበው።

ከዚያ አንድ ዓመት በፊት፣ ነሐሴ 1953፣ ሚሺጋን ሊቮኒያ ውስጥ የነበረው የሃይድራ-ማቲክ ፋብሪካ በእሳት ወደመ። ካዲላክና ኦልድስሞቢል ዳይናፍሎ የተባለውን ካምቢዮ ከቢዊክ፣ ፖንቲያክ ደግሞ ፓወርግላይድ የተባለውን ከሼቭሮሌት ተበደሩ። የካምቢዮው ምርት ወደ ዊሎው ራን ተዛወረ፤ በጦርነቱ ጊዜ ቢ-24 ቦምብ ጣዮች የተገጣጠሙበት ሥፍራ ነው።

ዛሬ ሞተሩንና አውቶማቲክ ካምቢዮውን በዘይት የሚያገናኘው የቶርክ ኮንቨርተር አያት መርከብ ላይ ነው የተወለደው። ጀርመናዊው ኸርማን ፎቲንገር በ1905 የባለቤትነት መብት ያስመዘገበው፣ የመርከብ ተርባይን በጣም እየፈጠነ ፕሮፔለሩ ግን ዝግ ማለት ስለነበረበት ነው። በሁለቱ መካከል ዘይት ገባ፤ ብረት ከብረት ሳይነካካ ኃይል ተላለፈ። ቀይ መብራት ላይ ማርሽ ውስጥ ሆነው ሞተሩ የማይጠፋብዎት ለዚህ ነው።

አሁን ሜትሩን ያውጡ።

ያውቁ ኖሯል? በ1969 የወጣው ቱርቦ 350 (ባለፒክአፓችን የሚያወጣው ባለሦስት ማርሽ)፣ አጭር ጭራ፣ ማለትም አጭር የኋላ ጫፍ፣ ያለው ከሆነ፣ ርዝመቱ 27 ከ11/16 ኢንች ነው፤ 70.3 ሳንቲሜትር። በ1981 የወጣው ባለአራት ማርሹ 200-4አርም 27 ከ11/16 ኢንች ነው። አንድ ማርሽ ተጨምሮ በርዝመት አንዲት ሚሊሜትር አልተጨመረም! የጭራው ጥርስም በሁለቱም 27 ስለሆነ የዘንጉ አፍ እንዳለ ይገባል። አልሙኒየም አካል ያለው የ1962ቱ ፓወርግላይድ ደግሞ 27 ከ9/16 ኢንች ነው፤ ከእነዚህ የሚለየው በሦስት ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። ለአሮጌ መኪና ይህ መታደል ነው።

በ1982 የወጣውና ስሙ ከሁሉ የሚጠራው 700አር4 ግን 30 ከ3/4 ኢንች ነው፤ 78.1 ሳንቲሜትር። ባለ አጭር ጭራ ቱርቦ 350 አውጥቶ ይህን የሚያስገባ ሰው ዘንጉን ወደ ስምንት ሳንቲሜትር ሊያስቆርጥና ሚዛኑን ሊያስተካክል ይገደዳል። ቆይ፣ ግን! ቱርቦ 350 አንድ ዓይነት ጭራ ብቻ አይደለም ያለው። ስድስት፣ ዘጠኝና አሥራ ሁለት ኢንች ጭራ ይዞ ወጥቷል፤ ረጅሞቹን ደግሞ ፒክአፖች ላይ ማግኘት የተለመደ ነው። ባለ ዘጠኝ ኢንቹ 30 ከ11/16 ይደርሳል። ይህ ማለት ከ700አር4 በሁለት ሚሊሜትር እንኳ አያንስም ማለት ነው። ምክር የሚጠይቅ ባለሲ10 ሁሉ «የቱ ይሻላል?» ይላል፤ መልሱ ያለው ከመኪናው ሥር፣ ጭራው ላይ ነው። አጭር ከሆነ 200-4አር፣ ዘጠኝ ኢንች ከሆነ 700አር4። እኔ በዚህ እጸናለሁ፤ ለዝና ሲባል ጤነኛ ዘንግ ማስቆረጥ አይዋጥልኝም።

ርዝመት ተስማማ ማለት ግን ሁሉ ተስማማ ማለት አይደለም። ካምቢዮው የሚያርፍበት ጎማ ከፊት ለፊቱ ሲለካ በቱርቦ 350 በ20 ከ3/8 ኢንች፣ በ700አር4 በ22 ከ1/2፣ በ200-4አር ደግሞ በ27 ኢንች ላይ ነው። በሻንሲው ሁለት ወገን መካከል ተጋድሞ የሚሸከመው ብረት በ200-4አር 17 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ኋላ ይሸሻል ማለት ነው። በብሎን የታሰረ ከሆነ አዲስ ቀዳዳ መብሳት ይበቃል። ዘንጉን ያዳነ ሰው ይህን ቢከፍል ምንም አይደል።

ከሥር ተንበርክከው ብሎን ይቁጠሩ፦ የታችኛው የዘይት መያዣ በ13 ብሎን የታሰረና አንድ ማዕዘኑ የተቆረጠ ከሆነ ቱርቦ 350 ነው፤ 14 ከሆነ ፓወርግላይድ፤ 16 ከሆነና አራት ማዕዘን ቅርጹ ወደ እኩልነት የቀረበ ከሆነ 700አር4። ሻጩ ከሚነግርዎ ብሎኑ የነገረዎትን ይመኑ።

የቢዊክ፣ የኦልድስሞቢልና የፖንቲያክ ሞተሮች ጀርባ ከሼቭሮሌት ጋር አንድ ዓይነት የብሎን ቀዳዳ የለውም። አብዛኞቹ 200-4አሮች ግን የሁለቱም ቀዳዳ ተበስቶላቸው ነው ከፋብሪካ የወጡት። ከተጣለ የቢዊክ ቤት መኪና የወጣ ካምቢዮ ሲ10 ላይ ሲገጥም ቢያዩ አይደነቁ። ከ1963 ወዲህ የወጡት፣ ስድስት ሲሊንደራቸው በአንድ መስመር የተደረደረ የሼቭሮሌት ሞተሮችም ከቪ8ቱ ጋር አንድ ዓይነት ጀርባ ስላላቸው፣ ፒክአፕዎ ስድስት ሲሊንደር ብትሆንም ከዚህ ጨዋታ አልወጣችም።

«200-4አር ትንሽ ነውና ደካማ ነው» የሚሉም አሉ። መነሻቸው ክብደት ለመቀነስ ቀለል ተደርጎ የተሠራው ቱርቦ 200 ነው፤ ስሙ በጊዜው ክፉኛ ጠፍቷል። 200-4አር የዚያ ዘር ነው። ይሁንና በ1987 በ547 ቁጥር ብቻ የወጣው ቢዊክ ጂኤንኤክስ፣ 276 የፈረስ ጉልበትና 360 ፓውንድ-ጫማ ቶርክ የነበረው መኪና፣ ይህንኑ ካምቢዮ ነበር የያዘው። እርግጥ የውስጥ ቫልቩ ለዚያ ኃይል የተዘጋጀ ነበር፤ ከተራ የቤት መኪና የወጣው እኩል ይሸከማል ብለው አይወራረዱ።

ስሌት ለሚወዱ፦ ጎማዎ 28 ኢንች ቁመት፣ ዲፈረንሻልዎ 3.73 ቢሆን በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ በቀጥታ ማርሽ ሞተሩ በደቂቃ 2,780 ጊዜ ገደማ ይዞራል። በ700አር4 አራተኛ ማርሽ (0.70) ወደ 1,950፣ በ200-4አር (0.67) ወደ 1,865 ይወርዳል። የአሮጌ ፒክአፕ ካቢን ውስጥ ይህን ልዩነት ከጆሮ በፊት መሪው ላይ ያረፈ እጅ ይሰማዋል።

የ700አር4 አንደኛ ማርሽ 3.06 ነው፤ ጭነት ይዞ ሲነሳ ደስ ይላል። ሁለተኛው ግን 1.63 ነው፤ ሞተሩ በአንዴ ዝቅ ይላል፣ ደረጃ እንደሳተ ሰው። 200-4አር ከ2.74 ወደ 1.57 ይሻገራል፤ እርምጃው የተሻለ ተመጣጥኗል። ቱርቦ 350 ከ2.52 ወደ 1.52 ነው፤ ከሁሉም ለስላሳ፣ ግን ከሦስተኛ በላይ የለውም።

አሁን ደግሞ ብዙ ካምቢዮ ወደ መቃብር የላከችው ቀጭን ኬብል። ያውቁ ኖሯል? ቱርቦ 350 ላይ ወደ ታች ማርሽ ለማስቀየር ብቻ የሚያገለግል ኬብል አለ፤ ቢበጠስም መኪናው ይነዳል። በ200-4አርና በ700አር4 ላይ ያለው ኬብል መልኩ ይመሳሰላል እንጂ ሥራው ሌላ ነው። ነዳጅ በተሰጠ ቁጥር ከካርቡሬተሩ እየተሳበ በካምቢዮው ውስጥ የዘይቱን ግፊት የሚወስነው እሱ ነው። ኬብሉ ከላላ ሞተሩ ጉልበቱን ሲያወጣ ግፊቱ አይነሳም፤ ፍሪሲዮኖቹ ይንሸራተታሉ፣ ይቃጠላሉ። «ልሞክረው ብቻ» ብሎ ኬብሉን ሳይሰካ ሰፈሩን የሚዞር ሰው ገና የተከፈለበትን ካምቢዮ በዚያች አጭር ጉዞ ሊጨርሰው ይችላል። ችግሩ የሚጀምረው ካርቡሬተሩ ሌላ ሲሆን ነው፤ ኬብሉ የሚሳብበት ክንድ ርዝመትና ማዕዘን ይለወጣል። ፔዳሉ ሙሉ ሲረገጥ ኬብሉም ሙሉ መሳብ አለበት፤ ለዚህ ተብሎ የተሠራ ማያያዣ ይሸጣል። እዚህ ላይ መቆጠብ ስስት ነው።

ኬብሉ ያስፈራዎት ከሆነ በ1993 የመጣው 4ኤል60ኢ አለ፤ የ700አር4 ልጅ። ግፊቱን የሚወስነው በኤሌክትሪክ ነው። ብቻ ኮምፒዩተር ይጠይቃል፤ ኮምፒዩተር የሌላትን የ1970 ፒክአፕ ኮምፒዩተር ማስለመድ ደግሞ ሌላ ቅዳሜ ይበላል።

የቶርክ ኮንቨርተሩን በውስጡ ባለ ፍሪሲዮን ቆልፎ መንሸራተትን ማስቀረት የ1980ዎቹ ግኝት ይመስላል። ፓካርድ ግን በ1949 አልትራማቲክ በተባለው ካምቢዮው ላይ አድርጎታል። በ700አር4 ላይ ይህ ቁልፍ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው፤ ሽቦውን ያልዘረጋ ሰው ትርፉ የጋለ ዘይት ነው።

ስለ ዘይት ከተነሳ፦ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ውስጥ የዓሣ ነባሪ ዘይት ይጨመር ነበር፤ ፍሪሲዮኖቹ ለስላሳ እንዲይዙ። አሜሪካ እንስሳውን ለመጠበቅ ስትከለክለው ፋብሪካዎቹ ምትክ ፍለጋ ተራወጡ። ባለፒክአፓችን የሚያወጣው ቱርቦ 350 በ1969 ሲሞላ የውቅያኖስ ሽታ ሳይኖረው አይቀርም።

ባዶ ቱርቦ 350 ወደ 54 ኪሎ ይመዝናል፤ ግማሽ ኩንታል አልፎ። ደረት ላይ አስቀምጦ ከሥር ለመግጠም የሞከረ ጎረምሳ ሁለተኛ አይሞክርም፤ ለካምቢዮ የሚሆን ክሪክ ይከራዩ።

የፍጥነት መቁጠሪያው ኬብል የሚዞረው ካምቢዮው ጭራ ላይ ባለች ትንሽ የፕላስቲክ ማርሽ ነው። ጥርሷ ስንት እንደሆነ በቀለሟ ይታወቃል። ጎማ ወይም ዲፈረንሻል ሲቀየር እሷም ካልተቀየረች ቆጣሪው ይዋሻል።

የመጨረሻዋ፦ የሲ10 መሪ ላይ ያለው ጠቋሚ የተሠራው ለሦስት ማርሽ ስለሆነ ለአራተኛው ቦታ የለውም። አዲስ ጠቋሚ ይሸጣል። አሮጌውን ከነቢጫነቱ ትተው፣ መርፌው አንድ ፊደል ሲሳሳት በልባቸው እያረሙ የሚነዱም አሉ።