መብራት ቢሄድም መዝገቡ አይጥፋ

የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ከተማ በሆነችው ጥሊሊ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ሥራ እሠራለሁ። መምህራን የተማሪ ውጤት፣ ዕድሮች የወር መዋጮ መዝገብ በኤክሴል ያሠሩኛል። መብራት ሲሄድ ዩፒኤስ የሌለው ኮምፒውተር ድርግም ይላል፤ ባለጉዳዩም «አለቀልኝ!» ብሎ ይደነግጣል። ብዙ ጊዜ ግን አላለቀም።

ኤክሴል፣ ካልቀየርነው በቀር፣ በየ10 ደቂቃው መጠባበቂያ ቅጂ ይይዛል። መብራት ሲመጣ ኤክሴልን ክፈቱ። በግራ በኩል «ዶክዩመንት ሪከቨሪ» የሚል ዝርዝር ይወጣል፤ ከፋይሉ ስም ሥር ሰዓቱ ተጽፏል። የቅርቡን ከፍታችሁ የመጨረሻዎቹን ረድፎች ከደብተሩ ጋር አመሳክሩ፤ ከዚያ በአዲስ ስም ሴቭ አድርጉት። ዝርዝሩን ሳታዩ እንዳትዘጉት። ፋይሉ ጭራሽ ሴቭ ተደርጎ የማያውቅ ከሆነ «ፋይል»፣ «ኢንፎ»፣ «ማኔጅ ወርክቡክ» ገብታችሁ «ሪከቨር አንሴቭድ ወርክቡክስ» የሚለውን ሞክሩ።

ከመጨረሻው ቅጂ ወዲህ የተጻፈው ግን አይመለስም። ስለዚህ «ኦፕሽንስ» ውስጥ «ሴቭ» የሚለውን ከፍታችሁ 10ሩን ደቂቃ ወደ 2 አውርዱት፤ ኮንትሮልና ኤስን ቶሎ ቶሎ ተጫኑ፤ ማታ ማታም ወደ ፍላሽ ገልብጡ። የሰው መዋጮና የልጅ ውጤት አደራ ነው፤ አደራ ደግሞ በአንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥም።