ኮከቡ ለምን ጠፋ?
መልካም ጠባይን የማበረታታት ሥራ በትምህርት ቤት እንዴት ይዘልቃል?

የዛሬው ጽሑፋችን ሁላችንም ስለምናውቀው፣ ግን ብዙም ስለማናወራው ነገር ነው። ደብተራችሁን ዘጋ አድርጉና ተከተሉን።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር በየክፍሉ ግድግዳ ቆንጆ ወረቀት ይለጠፋል። ከላይ «የክፍላችን ሕግ» ይላል። ከሥሩ የሁላችንም ስም አለ። ጥሩ የሠራ ተማሪ ከስሙ ጎን ኮከብ ይሳልለታል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኮከብ ለማግኘት የማይሽቀዳደም የለም። ጥቅምት ሲገባ ኮከቡ ይቀንሳል። ኅዳር ላይ የወረቀቱ አንድ ጫፍ ይላቀቃል። ታኅሣሥ ላይ አንዱ ቀዶ ኳስ ይሠራበታል። ከዚያ በኋላ ወደ ድሮው እንመለሳለን፦ «ማነው የረበሸው? ና ውጣ! ተንበርከክ!»

እንዴ! ታዲያ ያ ሁሉ ኮከብ የት ሄደ? ጥያቄያችን ይሄ ነው። መጀመር እኮ አላቃተንም፤ በየዓመቱ እንጀምራለን። ያቃተን ማዝለቅ ነው።

ለመሆኑ ምን ማለት ነው?

መልካም ጠባይን የማበረታታት አሠራር ማለት ተማሪ ካጠፋ በኋላ ከመቅጣት ይልቅ፣ ከማጥፋቱ በፊት ትክክለኛውን ነገር ማስተማር ማለት ነው። ሒሳብ ያልቻለ ተማሪ ማካፈልን እንዲማር ይደረጋል እንጂ «ለምን አልቻልክም?» ተብሎ አይገረፍም አይደል? ጠባይም እንደዚያው ይማራል ነው ነገሩ። አራት ነገሮች አሉት፦ የሚፈለገውን ጠባይ በግልጽ መናገር፣ ሠርቶ ማሳየት፣ ተማሪው ሲያደርገው አይቶ ማመስገን፣ ሳያደርገው ሲቀር ደግሞ ምክንያቱን መጠየቅ።

ይህ አሠራር ለትምህርት ቤት በሚሆን መልኩ የተደራጀው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1990ዎቹ ነው። በአሜሪካ በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ሮበርት ሆርነርና ጆርጅ ሱጋይ በስፋት ይታወቁበታል። እነሱ ተማሪዎችን በሦስት ደረጃ ያዩአቸዋል። ከመቶ 80 ያህሉ ሕጉ በደንብ ከተነገራቸውና ከተመሰገኑ ይበቃቸዋል። 15 ያህሉ ትንሽ ተጨማሪ ክትትል ይፈልጋሉ። 5 ያህሉ ደግሞ ለብቻቸው፣ እንደ ችግራቸው መታገዝ አለባቸው። ቁጥሩ ግምት ነው፤ ከቦታ ቦታ ይለያያል።

ወደ እኛ ክፍል እናምጣው። በአንድ ክፍል 60 ተማሪ አለ እንበል። 48ቱ ብዙ አያስቸግሩም። 9ኙ አስታዋሽ ይፈልጋሉ። 3ቱ ናቸው ከባድ ችግር ያለባቸው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ በ3ቱ ምክንያት 60ውንም እንቀጣለን! «ክፍሉ በሙሉ ቁም!» ሲባል ስንቶቻችን ያለ ጥፋታችን ቆመናል?

ሕጉስ ምን ይላል?

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «የፈረንጅ ነገር ነው» ይላል። ነገር ግን በራሳችን ሕግ ውስጥ አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ስለ ሕፃናት መብት ይናገራል። ሕፃናት በትምህርት ቤትም ሆነ በሚያድጉበት ተቋም አካልን ከሚጎዳ ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ መሆን እንዳለባቸው ይደነግጋል። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነትም የትምህርት ቤት ሥነ ሥርዓት የልጁን ሰብአዊ ክብር የጠበቀ እንዲሆን ያዛል። ስለዚህ ጎማና ዱላ መተው የመምህሩ ቸርነት አይደለም፤ ሕግ ነው። ሕጉ ዱላውን አስቀምጥ ይላል። ይህ አሠራር ደግሞ ዱላውን ካስቀመጥን በኋላ ምን እንደምናደርግ ይነግረናል።

አንድ እውነተኛ ታሪክ

እኔ 4ኛ ክፍል ሳለሁ የምማረው ሌላ ትምህርት ቤት ነበር። አንድ ጓደኛ ነበረኝ፤ ስሙን አልናገርም። ቤታቸው ሩቅ ነው፤ አንድ ሰዓት ተኩል ያስኬዳል። በጎች ይጠብቃል። የኛን አገር ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሣሩ አመዳይ መትቶት ነጭ ሆኖ ያድራል። ፀሐይ ወጥታ አመዳዩ እስኪቀልጥ በጎቹ አይወጡም። እሱ ደግሞ በጎቹን አውጥቶ ለታናሹ ሳያስረክብ መምጣት አይችልም። ስለዚህ በየቀኑ ያረፍዳል። በየቀኑም በር ላይ ጠጠር ላይ ይንበረከካል። በየቀኑ ቢቀጣም ማርፈዱን አልተወም። እንዴትስ ይተው? ቅጣቱ አመዳዩን አያቀልጠው!

አንድ ቀን የክፍል ኃላፊያችን የነበሩት መምህርት ጠሩትና «አንተ ልጅ፣ ምን ሆነህ ነው ሁልጊዜ የምታረፍደው?» አሉት። ነገራቸው። እሳቸውም አባቱን አስጠርተው አነጋገሩና ከጠዋት ፈረቃ ወደ ከሰዓት አዛወሩት። በቃ! ሌላ ምንም አላደረጉም። በሰዓቱ ሲመጣ ብቻ «ዛሬም በሰዓቱ መጣህ፣ ጎበዝ» ይሉታል። በዚያ ዓመት ልጁ ማርፈዱን ተወ። ሲጠየቅ እጁን ማውጣትም ጀመረ።

በዓመቱ መምህርቷ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወሩ። አዲስ መምህር መጡ፤ የፈረቃ ዝርዝሩም እንደገና ወጣ። ጓደኛዬ ወደ ጠዋት ተመለሰ። እንደገና አረፈደ፤ እንደገና ተንበረከከ። ሚያዝያ ላይ ስም ሲጠራ የእሱ ስም ላይ «አቤት» የሚል ጠፋ። አሁን መንገድ ላይ ከበጎቹ ጋር ሳገኘው «ስንተኛ ክፍል ደረስክ?» ይለኛል። ስነግረው አፍራለሁ፤ ለምን እንደማፍር ግን አላውቅም።

መምህርቷ አላጠፉም። አዲሱ መምህርም ክፉ ሰው አልነበሩም። ማንም አልነገራቸውም፤ የተጻፈ ነገርም አላገኙም። ጥሩው ሥራ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ ብቻ ስለነበር ሰውየዋ ሲሄዱ አብሮ ሄደ።

ለምን ይቋረጣል?

ከመምህራንና ከተማሪዎች ጋር ስንወያይ እነዚህን ምክንያቶች አግኝተናል።

አንደኛ፣ ሥራው በአንድ ሰው ላይ ይንጠለጠላል። ያ ሰው ሲታመም፣ ሲዛወር ወይም ሲደክመው ይቆማል።

ሁለተኛ፣ ሽልማቱ ዕቃ ይሆናል። እስክሪብቶና ደብተር ሲያልቅ ማመስገኑም አብሮ ያልቃል።

ሦስተኛ፣ ሕጉ ይበዛል። 15 ሕግ የሚያስታውስ ማን ነው? ደግሞም ሁሉም «አትሩጥ፣ አትጩህ፣ አትማታ» የሚል ነው። ምን እንደማናደርግ እንጂ ምን እንደምናደርግ አይነግረንም።

አራተኛ፣ የሚቆጥር የለም። አርፋጅ ጨመረ ወይስ ቀነሰ? ጠብ የሚበዛው ሜዳ ላይ ነው ወይስ ውኃ ቧንቧው ጋ? ካልተቆጠረ ሥራው እየሠራ መሆኑ አይታወቅም። እንደሚሠራ ያልታወቀ ነገር ደግሞ ይሰለቻል።

አምስተኛ፣ ቤት ያለው ሰው አያውቅም። ትምህርት ቤት «በቃል እንነጋገር» ይባላል፤ ቤት ስንገባ ልምጩ ይጠብቀናል።

ምን ቢደረግ ይዘልቃል?

እነ ኬንት ማኪንቶሽ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን አሠራር የጀመሩ ብዙ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶችን አጥንተው ነበር። የትኛው ይዘልቃል፣ የትኛው ያቆማል ብለው ሲመለከቱ፣ ከሁሉ በላይ ጎልቶ የወጣው ነገር በየጊዜው ተሰብስቦ መረጃ እያየ የሚወስን ቡድን መኖሩ ነው። ገንዘብ ያለው ብቻ ይዘልቃል አላሉም። ይህ ለእኛ ትልቅ ተስፋ ነው፤ መሰብሰብና መቁጠር አያስከፍልማ!

ስለዚህ በእኛ አቅም የሚቻለው ይህ ነው።

ቡድን ይኑር። ርዕሰ መምህሩ ወይም ዩኒት ሊደሩ፣ ሁለት ሦስት መምህራን፣ ከወተመህ አንድ ወላጅ፣ ከተማሪዎችም ሴትና ወንድ ይግቡበት። በወር አንድ ቀን ይሰብሰቡ። አንዱ ቢዛወር ሌላው ይቀጥላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለ?

ሕጉ ሦስት ይሁን፤ አዎንታዊም ይሁን። ለምሳሌ፦ በሰዓቱ እንገኝ፣ እንከባበር፣ ዕቃችንን እንጠብቅ። «አትጩህ» ከማለት «እጅህን አውጥተህ ተናገር» ይሻላል።

ምስጋናው በቃል ይሁን፤ ግን ምክንያቱ ይነገር። «ጎበዝ» ብቻ ከማለት «የወደቀችውን ልጅ ስላነሣህ ጎበዝ» ማለት ይበልጣል። ምን እንዳደረገ የሰማ ልጅ ነገም ይደግመዋል።

መዝገብ ይኑር። በአንድ ደብተር ቀን፣ ቦታና የሆነው ነገር ይጻፍ፤ የተደረገው እርዳታም ይጻፍ። ደብተሩ ለመክሰሻ አይሁን። ችግር ያለበት ልጅ ምስጢሩ ይጠበቅ። አዲስ መምህር ሲመጣ ያ ደብተር ይሰጠው። የጓደኛዬ ጉዳይ በአንድ መስመር ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አብሮኝ 7ኛ ክፍል ነበር።

በየመንፈቁ እንደ አዲስ ይጀመር። ከእረፍት ስንመለስ ሁሉንም ረስተን ነው የምንመጣው። ስለዚህ የካቲት ላይ እንደ መስከረም ይነገረን።

«ያለ ዱላ ማን ይሰማል?»

ይህን የሚሉ መምህራንና ወላጆች አሉ። እውነት ለመናገር ተማሪዎችም አሉ። 60 ልጅ ይዞ ማስተማር ቀላል አይደለም፤ እናውቃለን። ዱላ ክፍሉን ቶሎ ጸጥ ያደርጋል፤ ይህም እውነት ነው። ግን መምህሩ ሲወጡ ምን ይሆናል? ገበያ ነው! ከፍርሃት የመጣ ጸጥታ የሚያስፈራው ሰው ሲሄድ ይሄዳል። ደግሞም ማበረታታት ማለት ጥፋትን ዝም ብሎ ማለፍ አይደለም። መስታወት የሰበረ ይጠግን፤ ጓደኛውን የመታ ይቅርታ ይጠይቅ፤ ያቆሸሸ ያጽዳ። ክብሩን ሳይነኩ ጥፋቱን ማሳረም ይቻላል።

ከአያቴ እርከንና ከፓርካችን

አያቴ በየዓመቱ ክረምት ከመግባቱ በፊት የእርሻውን እርከን ይጠግናል። አንድ ቀን «አባባ፣ አምና ሠርተኸው የለም?» ብለው፣ «አምና የሠራሁት የአምናን ጎርፍ ነው የያዘው ልጄ» አለኝ። አንድ ድንጋይ ወድቆ ዝም ከተባለ በዚያች ቀዳዳ ጎርፉ ገብቶ አፈሩን ሁሉ ይወስደዋል።

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርካችንም ምስክር ነው። በ1970 ዓ.ም. ከላሊበላ ጋር በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ በዓለም የመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች ውስጥ ነበር። ግን መመዝገቡ ብቻ አላዳነውም። በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ ዋልያና ቀይ ቀበሮ ተመናምነው ነበር፣ እርሻውና ግጦሹም ገፍቶ ነበር። ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። 20 ዓመት ፈጀ! አሁንም ስካውቶች መዞራቸውን አላቆሙም፤ ካቆሙ ይመለሳላ። ወረቀት ግድግዳ ላይ መለጠፍም እንደ መመዝገብ ነው። መጠበቁ ነው ሥራው።

ከእኛስ ምን ይጠበቃል?

ተማሪዎች፣ የክፍላችሁን ወረቀት ዛሬ ሄዳችሁ እዩት። ከተቀደደ እንደገና ጻፉት። አርፋጅ ጓደኛ ካላችሁ ከመሳቃችሁ በፊት «ምን ሆንክ?» በሉት።

የተከበራችሁ መምህራን፣ ቅጣት ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ እንድትጠይቁን በአክብሮት እንለምናለን።

እኛም የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባላት ድርሻ ወስደናል። በየሳምንቱ ዓርብ ጠዋት በሰልፍ ላይ መልካም የሠሩ ተማሪዎችን፣ ምን እንደሠሩ ጭምር፣ በማይክ እናነባለን። የአርፋጆችንም ብዛት በየወሩ ቆጥረን ያለ ስም በዚህ መጽሔት እናወጣለን። ግንቦት ላይ ካቆምን «ኮከቡ የት ሄደ?» ብላችሁ ጠይቁን።

በሚቀጥለው ዕትም እስክንገናኝ ቸር ያቆየን!

ከሚኒ ሚዲያ ክበብ፣ 7ኛ ክፍል