የፕሎቨር ዘበኛ

በአሜሪካ የአትላንቲክ ባሕር ዳርቻዎች፣ ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ አንድ ለየት ያለ ዘበኛ ሥራ ይጀምራል። ዱላ የለውም፤ ደመወዝ የለውም፤ ሰው የመቅጣት ሥልጣንም አልተሰጠውም። የያዘው ኮፍያ፣ ውሃ፣ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽርና አንደበቱን ነው። የሚጠብቀው ክፍት አሸዋ ላይ የተቀመጡ፣ አጠገባቸው የቆመ ሰው እንኳ የማያያቸው አራት እንቁላሎችን ነው።

የእንቁላሎቹ ባለቤት ፓይፒንግ ፕሎቨር የምትባል ትንሽ ወፍ ናት። ርዝመቷ 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ክብደቷ ከ60 ግራም እምብዛም አያልፍም። ጀርባዋ የደረቀ አሸዋ ይመስላል፤ እግሮቿ ብርቱካናማ ናቸው፤ በመራቢያ ወቅት አንገቷ ላይ አንድ ጥቁር ቀለበት ይወጣል። ጭራሮ ለቅማ ጎጆ አትሠራም። ወንዱ በእግሩ አሸዋውን ወደ ኋላ እየጫረ ጎድጎድ ያሉ ቦታዎችን ያዘጋጃል፤ ሴቷ ከመካከላቸው አንዱን ትመርጣለች፤ አንዳንዴ የዛጎል ስብርባሪ ይነሰነስበታል፤ በቃ። ከዚያ ሁለቱ እየተፈራረቁ አራት ሳምንት ያህል ይታቀፋሉ። ጫጩቶቹ በተፈለፈሉ በሰዓታት ውስጥ ተነሥተው ይሮጣሉ። እናትና አባት አያጎርሷቸውም፤ ማዕበሉ ተፍቶ ከተወው የባሕር አረም ውስጥ ነፍሳትና ትል ራሳቸው ይለቅማሉ። ባዘቶ ላይ ሁለት ስንጥር ሰክተው ቢያስሮጡት ጫጩቷን ይመስላል። መብረር የሚችሉት ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ስለሆነ፣ የዘበኛው ጭንቀት የሚከብደው በዚያች አንድ ወር ነው።

ይህች ወፍ ለሺህ ዓመታት የኖረችው ባለመታየት ነው። አደጋ ሲመጣ ጫጩቱ አሸዋው ላይ ይለጠፍና ድርቅ ይላል። ጭልፊትን እንዲህ ማታለል ይቻላል፤ የመኪና ጎማን ግን አይቻልም። ወላጆቹ ሌላም ዘዴ አላቸው፦ ክንፋቸው የተሰበረ መስለው እየተንፏቀቁ ቀበሮውን ከልጆቻቸው ያርቁታል። ሰው ሲመጣም ያንኑ ያደርጋሉ። ሰውየው ታዲያ "ውይ፣ ተጎድታ ነው" ብሎ ሊረዳት ይከተላታል፤ አለዚያም ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻታል። እሱ በቆየ ቁጥር እንቁላሎቹ በቀትር ፀሐይ ይግላሉ፤ ቁራም ከላይ ይቃኛል። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ዳር የምትገኘው ዘመዷ ኪትሊትዝ ፕሎቨር በዚህ በኩል ብልህ ናት፤ ከእንቁላሎቿ ከመነሣቷ በፊት በእግሯ አሸዋ ታለብሳቸዋለች። የአሜሪካዋ ይህን ልማድ አታውቅም። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ የሚጎዳት ክፉ ያላሰበ ሰው ነው፤ የዘበኛውን ሥራ ከፖሊስ ሥራ የሚለየውም ይህ ይመስለኛል።

ጥንት ጉዳቱ የታሰበበት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማለቂያ ወፏን ለሥጋዋና ለሴቶች ባርኔጣ ማስጌጫ ያድኗት ስለነበር ልትጠፋ ተቃርባ ነበር። በ1918 የወጣው ስደተኛ ወፎችን የሚጠብቅ ሕግ ትንፋሽ ሰጣት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ሆቴሉ፣ የመዝናኛ ቤቱና መኪናው ወደ አሸዋው ወረዱ። በ1986 መጀመሪያ በአደጋ ላይ ያሉ ዝርያዎችን የሚጠብቀው የፌደራል ሕግ ሲሸፍናት፣ በአሜሪካ አትላንቲክ በኩል የቀሩት ከ800 ጥንድ በታች ነበሩ። በሰሜን አሜሪካ ታላላቆቹ ሐይቆች አካባቢ ደግሞ በ1990 ገደማ ቁጥራቸው ወደ ደርዘን ጥንድ ወረደ። ሕጉ ወጣ፤ ዳርቻው ግን ረጅም ነው፤ የመንግሥት ጠባቂዎች ጥቂት ናቸው። በጎ ፈቃደኞቹ የገቡት በዚህ ክፍተት ነው።

አጥሩ ራሱ የሚያስቅ ነው። እንጨት ይተከላል፣ ቀጭን ገመድ ይወጠራል፣ "ወፎች ይራባሉ" የሚል ማስታወቂያ ይንጠለጠላል። ሕፃን ልጅ እንኳ በሥሩ ሾልኮ ያልፋል። "ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ" የሚለው ተረት እዚህ ላይ ችግር ይገጥመዋል፤ ባለቤቷ 60 ግራም ናትና ማን ይፈራታል? የሚፈራ፣ ቢያንስ የሚታፈር ሰው በእሷ ፈንታ መቆም አለበት። በአንዳንድ ጎጆ ላይ የሽቦ ቀፎ ይደፋል፤ ቀዳዳው ወፏን ያሳልፋል፣ ቀበሮን ይከለክላል። ይህን የሚያደርጉት ፈቃድ ያላቸው ባለሙያዎች ብቻ ናቸው። ቀፎውም ሁልጊዜ አያድንም፤ አንዳንድ አዳኝ አሞራ ምግብ ያለበት ቦታ ምልክት አድርጎ ይለምደዋል።

የሙያው ልብ ያለው ንግግሩ ላይ ነው። ጀማሪ ዘበኛ "እዚህ መቆም ክልክል ነው" ብሎ ይጀምርና ጠብ ያተርፋል። የበሰለው ቴሌስኮፑን በሦስት እግሩ አቁሞ "ጫጩት ማየት ይፈልጋሉ?" ይላል። ልጅ ካለ እግሩን ዝቅ ያደርግለታል። ያ ልጅ አንዴ አይቶ ከጮኸ በኋላ አባትየው ውሻውን ሳይነገረው ይጠራል።

የማይቀሩ መልሶች አሉ። "ውሻዬ አይናከስም" የሚለው ዋነኛው ነው። አይናከስ ይሆናል፤ ወፏ የምታየው ግን ቀበሮ ነው፤ እንቁላሏን ትታ ትነሣለች። ካይት ማብረርም እንደዚያው፤ ከላይ የሚንሳፈፍ ነገር ሁሉ ለእሷ ጭልፊት ነው። የተጣለ ምግብ ቁራና የባሕር አሞራ ይጠራል። የመኪና ጎማ የተወው ቦይም ሆነ ልጆች ቆፍረው የሚተዉት ጉድጓድ ለጫጩት ገደል ነው፤ ከገባ መውጣት ያቅተዋል። የጁላይ 4 የነፃነት በዓል ርችት የሚተኮሰው ደግሞ ብዙዎቹ ጫጩቶች ገና መብረር ባልቻሉበት ሰሞን ስለሆነ፣ ያቺ ሌሊት ለዘበኞች የዓመቱ ከባድ ተራ ናት። ጭቅጭቁ ከከረረ ዘበኛው አይከራከርም፤ ፈቀቅ ይልና ለፓርኩ ጠባቂ ይደውላል።

የሚጠሉት አልጠፉም። በማሳቹሴትስ ኬፕ ኮድ የፕሎቨር ሥጋ እንደ ዶሮ ይጣፍጣል የሚል ማሾፊያ መኪናቸው ላይ የለጠፉ ነበሩ። ቅሬታው ግን ከባዶ የመጣ አይደለም። በየዓመቱ መኪናውን እስከ ውሃው ጫፍ ነድቶ ዓሣ ያጠምድ የነበረ ሰው በድንገት ገመድ ሲጠብቀው ቢከፋው አይፈረድበትም። ይህን ቁጣ ቆሞ መስማት የማይችል ሰው፣ ወፎችን የቱንም ያህል ቢወድ፣ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

የሥራው መልክ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በማሳቹሴትስ ፕለም ደሴት በሚገኘው የፓርከር ሪቨር የዱር እንስሳት መጠለያ ዳርቻው ከኤፕሪል 1 ጀምሮ ይዘጋል፤ ዘበኞቹ ድንበሩ ላይ ቆመው ለምን እንደተዘጋ ያስረዳሉ። ኒውዮርክ ውስጥ በ2021 የተመሠረተው የኒውዮርክ ፕሎቨር ፕሮጀክት ደግሞ ሮካዌይ ላይ ይሠራል፤ ባቡር ተሳፍሮ በሚደረስበት፣ ሰው እንደ አሸዋው በሚበዛበት ዳርቻ።

ለእኛ ሰዎች በጣም የቀረበው የቺካጎው ነው። የሞንትሮዝ ዳርቻ የሚገኘው አፕታውን ውስጥ፣ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ካሉበት ኤጅዋተር ብዙ ሳይርቅ ነው። በ2019 ሞንቲና ሮዝ የተባሉ ጥንድ ፕሎቨሮች መረብ ኳስ ከሚጫወተው ሕዝብ አጠገብ ሚቺጋን ሐይቅ ዳር ሠፈሩ፤ በከተማዋ ከ60 ዓመት በላይ ያልታየ ነገር ነበር። ፈቃደኞች ከንጋት እስከ ምሽት በተራ ቆሙ። በዚያው ዳርቻ ነሐሴ ላይ ሊካሄድ የታሰበ ትልቅ የሙዚቃ ድግስም ተሰረዘ። ነገሩ ሁሉ ድል አልነበረም፤ በ2021 ስካንክ የሚባለው ግማታም አውሬ የመጀመሪያዎቹን እንቁላሎች በላቸው፤ ጥንዶቹ ግን እንደገና ጣሉ። በ2022 ሞንቲ ታሞ ሞተ፤ ሮዝም አልተመለሰችም። በ2021 የተፈለፈለው ልጃቸው ኢማኒ በ2024 ሲሮኬት ከምትባል፣ በሰው እጅ አድጋ እዚያው ከተለቀቀች ሴት ጋር ጎጆ ወጣ። ከአራቱ ጫጩቶቻቸው የተረፈው አንድ ነው።

አንድ ብቻ መትረፉ የሚያሳዝን ቢመስልም፣ የሐይቆቹ አካባቢ ሒሳብ የሚሠራው በዚህ መጠን ነው። በ2024 በታላላቆቹ ሐይቆች የተቆጠሩት 81 ጥንድ ሲሆኑ ግቡ 150 ነው። ከሞላ ጎደል እያንዳንዷ ወፍ እግሯ ላይ ባለቀለም ቀለበት ስለሚታሰርላት ብዙዎቹ በስም ይታወቃሉ። አትላንቲክ በኩል ማሳቹሴትስ ብቻውን ከ140 ጥንድ ገደማ ተነሥቶ ከ1,000 አልፏል፤ በደቡብ ግዛቶችና በካናዳ ምሥራቅ ግን ከግቡ ገና ነው። ሙቀቱ ሲያልፍ ወፎቹ ወደ ፍሎሪዳ፣ ቴክሳስና ባሃማስ ይወርዳሉ፤ ገመዱም ይጠቀለላል። በሚቀጥለው ዓመት ያው ገመድ እንደገና መወጠር አለበት፤ ውሻውና እግረኛው ቦታቸውን አይለቁምና። ፈላጊ ካለ፣ ብዙ ቦታ አዲስ ዘበኛ የሚመዘገበው ብርዱ ሳያልቅ ነው፤ ሥልጠናው አጭር ነው፤ ተራው ጥቂት ሰዓት ነው፤ ስለ ወፍ አስቀድሞ ማወቅ አይጠየቅም።