ፈቃድ የሰጠ መሥሪያ ቤት አቤቱታም ይስማ

መጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ምሽት ላይ በሶማሊላንድ ዋና ከተማ በሐርጌሳ መሀል የሚገኘው ዋሄን ገበያ በእሳት ተያያዘ። ባለሥልጣናት እንደገለጹት 28 ያህል ሰዎች ተጎዱ፤ ወደ 2,000 የሚጠጉ ሱቆችና መደቦችም ወደሙ። የያኔው ፕሬዚዳንት ሙሴ ቢሂ አብዲ ለአስቸኳይ እርዳታ የሚውል 1 ሚሊዮን ዶላር መመደቡን አስታወቁ። ከከተማው ሀብታሞችና ውጭ ከሚኖረው የሶማሊላንድ ተወላጅ መዋጮ ተሰባሰበ። ያም ሆኖ አብዛኛው ነጋዴ መድን ስላልነበረው የኪሳራውን ዋና ሸክም ራሱ ተሸከመው። ከእንዲህ ያለ አደጋ በኋላ ብዙዎች «ነጋዴው መድን ይግባ» የሚል ምክር ይሰጣሉ። ምክሩ ትክክል ቢሆንም ግማሽ ነው። ኩባንያው በጥፋቱ ማግስት እንደሚከፍል አስቀድሞ የሚመረምር፣ አልከፍልም ሲልም አቤቱታ የሚሰማ አካል ከሌለ የመድን ውል ከወረቀት አያልፍም። ፈቃድ መስጠትና አቤቱታ መስማት አንዱ ያለ ሌላው የማይሠራ የአንድ ቁጥጥር ሥራ ነው።

የሐርጌሳ ነጋዴ «ያለ ተቆጣጣሪም ኖረናል» ቢል ማስረጃ አያጣም። የስልክ ኩባንያው ቴሌሶም እ.ኤ.አ. በ2009 የጀመረው ዛድ የተባለው የስልክ ገንዘብ አገልግሎት ከሻይ ቤት እስከ ጅምላ መጋዘን ገብቷል። የሐዋላ ቤቶችም አገሪቱ ፈርሳ ስትገነባ ዋና የገንዘብ መንገድ ነበሩ። ሁለቱም ያደጉት ከመንግሥት ቁጥጥር ይልቅ በስምና በአመኔታ ነው። ሆኖም በዛድ የተላከ ገንዘብ መድረሱ በሴኮንዶች ይታወቃል፤ ካልደረሰ ደንበኛው ያኔውኑ ይጮኻል፣ ነገም ሌላ ቤት ይሄዳል። በመድን ግን አረቦኑ ዛሬ ይከፈላል፤ ቃሉ የሚፈተነው ምናልባት ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ያውም ገዢው ንብረቱን ባጣበትና አቅሙ በደከመበት ቀን ነው። ያን ቀን ኩባንያው ባዶ ሆኖ ቢገኝ ኩባንያ መቀየር አያዋጣም፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ገበያው ራሱ ኩባንያውን ይቀጣዋል የሚለው ሐሳብ ለሐዋላ ቢሠራም ለመድን አይበቃም።

ሁለተኛው ክርክር «ሽማግሌ አለን» የሚለው ነው፤ ይህም ክብደት አለው። ሶማሌዎች «ማግ» የሚሉት የደም ካሳ ሥርዓት ከየትኛውም ኩባንያ በፊት የነበረ የጋራ ዋስትና ነው። እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት አይ ኤም ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ይህን አካባቢ ሲያጠኑ፣ ከጥቂት መቶ እስከ ጥቂት ሺህ ወንዶችን የሚይዙ ካሳ ከፋይ ቡድኖች ማኅበራዊውን ሕይወት እንዴት እንደሚያስተሳስሩ መዝግበዋል። በልማዱ ለአንድ ወንድ ሕይወት 100 ግመል፣ ለሴት 50 ይከፈላል፤ ዛሬም በከተማ መኪና ሰው ሲገጭ ካሳው የሚያልቀው ብዙ ጊዜ በዚሁ መንገድ ነው። ሥርዓቱ የሚሠራው አባላቱ ማን እንደሆኑ ስለሚታወቅና አልከፍልም ባይ በሽማግሌ ፊት ስለሚቆም ነው። በሌላ አነጋገር ማግ የራሱ ፈቃድና የራሱ አቤቱታ ሰሚ አለው። የመድን ኩባንያ ከዚህ ባነሰ ቁጥጥር ይሥራ ማለት አያስኬድም። ማግ የማይደርስባቸው ቦታዎችም አሉ። የተበጀው ሰው በሰው ላይ ላደረሰው ጉዳት ነው፤ አንድ እሳት የሁሉንም ጎሳ ሱቅ በአንድ ሌሊት ሲበላ ከፋዩም ተቀባዩም ተጎጂ ይሆናሉ። ሐርጌሳ ላይ ተቀጥሮ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ስደተኛ ደግሞ እዚያ ጎሳም ሽማግሌም ላይኖረው ይችላል። እንደ ገበያው እሳት ያለውን አደጋ ከከተማው ውጭ አውጥቶ የሚበትነው የመድን ኩባንያው ራሱ የሚገባው መድን፣ ማለትም የጠለፋ ዋስትና ብቻ ነው።

ፈቃድ ምን እንደሆነ ከኢትዮጵያ ልምድ ማየት ይቻላል። የመጀመሪያው የመድን ቁጥጥር አዋጅ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ዛሬ የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 746/2004 ደግሞ ሥልጣኑን ለብሔራዊ ባንክ ሰጥቷል። ኩባንያው ከተከፈለ ካፒታሉ 15 በመቶውን በባንኩ ያስቀምጣል፤ የኃላፊዎቹ ብቃት ይመረመራል፤ የጠለፋ ዋስትና ውሉ ይታያል። ይህ ሁሉ የሚጠየቀው ገንዘቡ ተጎጂው ከመምጣቱ በፊት እንዳይበላ ነው። ቁጥጥር ሲላላ የሚሆነውን ኬንያ አሳይታለች። ዩናይትድ ኢንሹራንስ እ.ኤ.አ. በ2005፣ ብሉ ሺልድ በ2011 በሕግ አስተዳዳሪ ሥር ሲወድቁ አረቦን የከፈሉ ባለመኪናዎችና ካሳ የሚጠብቁ ተጎጂዎች መሀል ላይ ቀርተዋል። ሁለቱም ኩባንያዎች ፈቃድ ነበራቸው። ይህም ፈቃድ የተሰጠበት ቀን ደህና የነበረ ኩባንያ በኋላ ሊታመም እንደሚችል ያሳያል።

ሕመሙ በጊዜ የሚታወቀው በአቤቱታ ነው። የኩባንያው የሂሳብ ሪፖርት በዓመት አንዴ የሚመጣ፣ ያውም ራሱ ያዘጋጀው ነው፤ ቅሬታ ግን በየሳምንቱ ከደንበኛው አፍ ይመጣል። አንድ ሰው «ካሳዬ ዘገየ» ቢል የግል ጉዳይ ሊሆን ይችላል። በአንድ ሩብ ዓመት በአንድ ኩባንያ ላይ ሠላሳ ሰው ይህንኑ ቢል ግን ኩባንያው ገንዘብ አጥሮታል ወይም ሆን ብሎ ያጉላላል፤ ሁለቱም ተቆጣጣሪው ማወቅ ያለበት ነገር ነው። አቤቱታውን የሚሰማው ቢሮ ሌላ፣ ፈቃዱን የሚያድሰው ሌላ ከሆነና ካልተነጋገሩ ይህ ማስረጃ ፋይል ውስጥ ተኝቶ ይቀራል፤ ፈቃዱም በየዓመቱ ክፍያ ተቀብሎ ማኅተም ከመምታት አያልፍም። እርግጥ ተቆጣጣሪ ዳኛ አይደለም። የጉዳቱ ግምት 10,000 ዶላር ነው ወይስ 7,000 የሚለውን የሚፈርደው ፍርድ ቤት ወይም ገላጋይ ነው። የተቆጣጣሪው ድርሻ ኩባንያው በጊዜው መልስ እንዲሰጥ፣ የከለከለበትንም አንቀጽ ጠቅሶ በጽሑፍ እንዲያስረዳ ማስገደድ ነው። ብዙ ክርክር የሚያልቀውም እዚሁ ላይ ነው፤ ምክንያቱን ለመጻፍ የተገደደ ኩባንያ የማይጻፍ ምክንያት አያቀርብም።

ገና በለጋ ገበያ ላይ ጥብቅ ቁጥጥር መጫን ያደርቀዋል የሚሉ አሉ። የካፒታል መጠንን በተመለከተ እውነት አላቸው፤ ለትልቅ ገበያ የተለካ መስፈርት ለትንሽ ገበያ አይሆንም። አቤቱታ መስማት ግን ካፒታል አይጠይቅም፤ መዝገብ፣ የመልስ ቀነ ገደብና ውጤቱን በይፋ ማውጣት ይበቃል። ሶማሊላንድ በአብዛኛው ዓለም ዕውቅና ስላላገኘች ቁጥጥሯ ውጭ ዋጋ የለውም ለሚሉት ደግሞ ነገሩ ተቃራኒ ነው። የጠለፋ ዋስትና ሰጪ «ይህን ኩባንያ ማን ያየዋል?» ብሎ ሲጠይቅ ዲፕሎማሲው መልስ የማይሰጥ ከሆነ በደንብ የተያዘ መዝገብ የበለጠ ያስፈልጋል። በእስልምና ሕግ የሚሠራ የመድን (ታካፉል) ኩባንያ የሸሪዓ ቦርድ ስላለው ሌላ ቁጥጥር አያሻውም የሚለውም አይዘልቅም። ቦርዱ ውሉ ከወለድና ከቁማር የጸዳ መሆኑን ያያል፤ ገንዘቡ በካዝና መኖሩን ማረጋገጥ ግን ሌላ ሥራ ነው። የሚከብደው ተቆጣጣሪው ራሱ ጉቦ ቢበላስ የሚለው ስጋት ነው። ለዚህም መድኃኒቱ የአቤቱታዎቹን ብዛትና ውጤት በየኩባንያው ስም በየዓመቱ ማሳተም ነው፤ የታተመን ቁጥር መደበቅ ይከብዳልና።

የቁጥጥሩ ሥልጣን በሶማሊላንድ ባንክ ይሁን በሌላ መሥሪያ ቤት፣ መለኪያው ፈቃድ ሰጪው አቤቱታም ይሰማል ወይ የሚለው ነው። በኢትዮጵያም መድን ከብሔራዊ ባንክ ወጥቶ የራሱ ተቆጣጣሪ ይኑረው የሚለው ክርክር ሲካሄድ በዚሁ ሊመዘን ይገባል። መድን የሚገባ ሰው ደግሞ ከመፈረሙ በፊት የኩባንያውን ብቻ ሳይሆን የወኪሉንም የዘመኑ ፈቃድ ይጠይቅ፤ የአረቦን ደረሰኙን ከውሉ ጋር ያስቀምጥ። ጉዳት ሲደርስ በስልክ ከማሳወቅ አልፎ ቀን ያለበት ደብዳቤ አስገብቶ ቅጂው ላይ ማኅተም ያስመታ። ጊዜ ማጓተት ዋጋ ያስከፍላል፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ንግድ ሕግ ጉዳቱ በታወቀ በ5 ቀን ውስጥ እንዲነገር ያዛል፤ የመድን ክስንም በ2 ዓመት ይርጋ ያግዳል። ኩባንያው በቃል «አይሆንም» ካለ በጽሑፍ ይጠይቁት፤ ካልጻፈ ወደ ተቆጣጣሪው ይሂዱ። ጉዳዩ ትንሽ ነው ብለው አይተዉት፤ የእርስዎ ደብዳቤ የሚቀጥለውን ሰው ካሳ ሊያስከፍል ይችላል።